ከአባቴ አልጋ የሸሸሁባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጠዋቱ 3፡20

እንደገና ገላዬን ታጠብኩ። ከነጋ ሁለተኛዬ። የወ/ሮ ጥሩወርቅ ሙቅ ውሃ አያልቅም፣ እኔም መታጠብ አልጠግብም። ሽታው ከአፍንጫዬ አልለቅ አለ። የአባዬ እግር። ስኳሩ ጣቶቹን አጥቁሯቸዋል።

ከአሰበ ተፈሪ እዚህ ሆስፒታል ይዤው ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀን። ይህ ቤት ባይኖር የት እወድቅ ነበር? ወ/ሮ ጥ. ባለቤታቸው አዲስ አበባ ታመው በተኙ ጊዜ ወር ሙሉ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ አድረዋል። ከዚያ ወዲህ ሸዋ በር አጠገብ ያለውን ቤታቸውን ከሩቅ ለሚመጣ አስታማሚ ከፈቱ። በነጻ። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ለበሽተኛ የሚቋጠር ምሳ።

8፡00

ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ማስታወሻዬ። ምሳውን ይዤ ሄድኩ፤ ክፍሉ ግን አልገባሁም። በሩ ላይ ለአዴ ፋጡማ ሰጠኋቸው፤ ሁሉም እንደ እናት አዴ ይላቸዋል። ከፈዲስ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከአባዬ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ እሳቸውም እዚሁ ቤት ሴቶቹ ክፍል ያድራሉ። መድኃኒት ፍለጋ ልሂድ አልኳቸው። ኤረር በር ካለ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ። ሦስት ብርጭቆ። ጣፈጠኝ፤ ይህን መጻፍ ራሱ ያስጠላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከራት በኋላ

ትናንትም ዛሬም በሩ ላይ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ራት ላይ ወ/ሮ ጥ. በሰው ፊት አመሰገኑኝ። አባዬን ሊጠይቁ ሄደው ኖሯል። አባዬ ለጠየቀው ሁሉ፣ ልጄ መድኃኒት ፍለጋ ሲንከራተት እግሩ አለቀ ይላል አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ፣ ይረፍ ብለው የጓሮዋን ክፍል ለብቻዬ ሰጡኝ። ዛሬ ከጭናቅሰን የመጡ ሽማግሌ አሉ፣ ልጃቸውን ሊያስታምሙ። እሳቸው ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። እኔ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ከሳህናቸው አላነሱም።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። መምህር ነኝ። የሥነ ዜጋ!

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጠዋቱ 1፡40



አዴ ፋጡማ ሻንጣቸውን አስረው ግቢው ውስጥ ጠሩኝ። ባላቸው ድነው ሊወጡ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ የለሁም አሉ። ከዚያ እንደ አደራ ይቆጥሩልኝ ጀመር።

"አባትህ በቀኝ ጎኑ መተኛት አይችልም። ሲያመው አይጮህም፣ አንሶላውን ጨምድዶ ይይዛል። ያኔ ነርስ ጥራለት።"

ሊሄዱ ዞሩና ተመለሱ።

"ዶክተሩ ሦስት ቀን ለመነው፣ ጣቶቹ ቶሎ ይቆረጡ ብሎ። ልጄ ሳይመጣ አልፈርምም አለ።"

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ! በእሳቸው ላይ!

"ሥራ ይዞታል፣ እንዳታስጨንቂው ብሎ አስማለኝ። ዛሬ ግን ልሄድ ነው፣ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል።" ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "አቦ፣ አሁን አትፈር። ወላሂ ከበር እንደምትመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ሂድ ብቻ።"

ሳላመሰግናቸው ሮጥኩ። ይህን የምጽፈው ባጃጅ ውስጥ ነው።

5፡00

ረፍዷል። ጣቶቹ ብቻ አይበቁም። ከጉልበት በታች።

አባዬ ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ነው። ብዕሩን ያዝኩለት፣ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ወደ ግቢው ወጥቼ አስታወከኝ። አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 11፡00

ተቆረጠ። በሕይወት አለ። ከሰመመኑ ገና አልነቃም።

ልብሱን ልወስድ ቤት ደርሼ ነበር። ወ/ሮ ጥ. ብርድ ልብስ ያጥፋሉ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መድኃኒት ፍለጋ እንዳልነበረ፣ ኤረር በር ቁጭ ብዬ እንደዋልኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ማጠፋቸውን አላቋረጡም። ሽማግሌው ዛሬ ጓሮዋ ክፍል ይግቡ፣ ዕቃህን አውጣ አሉኝ። አወጣሁ። ሽማግሌው አመሰገኑኝ፤ ሥፍራዬን የለቀቅሁላቸው መስሏቸው። አይደለም አላልኳቸውም። አሁንም ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከጠዋቱ 4፡10

አባዬ ነቃ። ሾርባ በማንኪያ አጎረስኩት። ከዚያ ነገርኩት። ሥራ አልነበረም አባዬ፣ ሽታው ነው፣ መቻል አቃተኝ አልኩት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።



"አውቃለሁ" አለኝ። "እኔንም ይከብደኝ ነበር። እኔ ግን መሄጃ የለኝም።"

ቁጣ የለበትም። ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ ጎረቤት አልጋ ያሉት እንዳይሰሙ። ሰሙ።

ነርሷ ጋሪዋን እየገፋች መጣች፣ ፋሻ ልትቀይር። አስታማሚ ከፈለገ ውጭ ይቆይ ትላለች። አልወጣም። እግሩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል አለች። እኔ ነኝ የምይዘው።