የይታይሽ ባኞ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬ የሦስት ማዳበሪያ ከሰል አፍ ሰፋሁ። የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ነው፣ ከራሴ ማሳ። ሁለቱ እዚሁ ዳንግላ ገበያ ይወጣሉ። አንዱ እንጅባራ ለይታይሽ ቤት። ልጄ አንጓች እዚያ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ኮሌጅ ትማራለች። ይታይሽ የሟቹ ባሌ እኅት ናት። እንጅባራ ብርዱ አጥንት ይበላል፣ ከሰል ማጣት የለባትም። የጥምቀት ቀሚሷን አብሬ ልላክ ወይስ መጥታ ትለካው? ትለካው። ወገቧ እንደሆነ ቀጥኗል።

አያ ቢተው በሩ ላይ ቆመዋል። በዚህ ሰዓት ምን ፈልገው ነው? ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ከኋላቸው የዕድር ሰዎች

ታኅሣሥ 8

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

አንጓች ሞተች። ይኸው ጻፍኩት።

አያ ቢተው የዕድራችን ዳኛ ናቸው። መርዶ ማርዳት ለምደዋል። ለኔ ግን አማርኛው ጠፍቷቸው በአዊኛ ጀመሩ። አዊኛ እሰማለሁ። ያን ቀን ግን አልሰማ አለኝ። በአማርኛ ደገሙልኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ይታይሽ ቤት ባኞ አለ፣ ሰው የሚተኛበት። ውኃ በትልቅ ድስት አፍልታ ሞላችው። እንዳይበርዳት የተቀጣጠለ ከሰል ከነምድጃው አስገባች። በሩን ዘጋች። የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወተፈች። ከዚያ ውኃው ውስጥ ጋደም አለች። በሩን ሰብረው ሲገቡ ውኃው ገና ለብ እንዳለ ነበር አሉ።

ሐኪሙ የከሰል ጋዝ ነው አለ። ሽታ የለውም፣ አያስለቅስም፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያመጣው አለ። ስትገነዝ አየኋት። ፊቷ ቀልቷል። ከፀሐይ የገባች ነው የምትመስለው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።

ታኅሣሥ 11

ለቀስተኛው እየቀነሰ ነው። ሁሉም እ/ር ያጽናሽ ይላል። እኔ መጽናናት አልፈልግም። ይታይሽ እንድትቃጠል ነው የምፈልገው።

ለቅሶ ላይ ደረቷን እየደቃች መጣች። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። እንደ እናት አለቀሰች ተባለላት። ውኃ አቀበሏት። እኔ ግን ያን ባኞ ሳስብ ዓይኔ ደረቀ። ሰዉ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ አዘነ።

ባኞው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው የመጣው። ባሏ ባሕር ዳር አንድ አሮጌ ሆቴል ሲፈርስ ገዝቶ በአይሱዙ አስጫነው። ስድስት ሰው ተሸከመው። በበሩ አልገባ ብሎ ግድግዳ ተፈረሰለት። ይታይሽ ያን ሰሞን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ባኞ ቤት ነበር የምታስገባው። እኔንም አስገባችኝ። ነጭ ነው፣ የጥጃ እግር የሚያክል እግር አለው።

«ግቢና ተኝበት እንጂ እቴ፣ አይነክስሽም!» አለችና ሳቀችብኝ።

«ለስንት ላም ይበቃል?» አልኳት።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም፣ አውቃለሁ። እኔም አይነክስሽም ያለችኝን አልረሳሁም።

ታኅሣሥ 15

አሥራ ሁለተኛው ቀን ትናንት ዋለ። በጾም ወጥ ሰው አበላን። ቄሱ ፍትሐቱን አሳጠሩት፣ ተናደድኩ። ሁሉም ያናድደኛል። ዶሮዋ እንኳ።

አያ ቢተው ከሰው በኋላ ቀሩ። ባኞውን ስረግም ሰምተውኝ ኖሯል፣ ዕቃ ምን ያደርጋል ልጄ፣ ጥሩ ነገር እኮ ነው አሉኝ። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸው ፍል ውኃ ሄደው ሲዘፈዘፉ ተሽሏቸዋል። እቤታቸው እንዲያ ያለ ዕቃ ቢኖር ጠዋት ማታ ከውስጡ አይወጡም ነበር። እንዲያውም እኔ ብሆን እዚያው ምሳ ታመጡልኝ ነበር ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ።

አልሳቅሁም። ፍል ውኃ ሜዳ ላይ ነው፣ በር የለውም አልኳቸው።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ስታጠብ ቆሜ አሰብኩ። አሁን ልጻፈው።

እኔ ሻወር አለኝ። ጣሪያው ላይ በርሜል፣ ከበርሜሉ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ በምስማር የተበሳሳ ጣሳ። ፀሐይ ቀን ታሞቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ቆሜ እታጠባለሁ፣ ሳሙናዬን አለቃልቃለሁ፣ እወጣለሁ። ግማሽ ጀሪካን አይፈጅም። ቆሻሻው በእግሬ ሥር ይሄዳል። ባኞ ውስጥ ግን ሰው ከራሱ እድፍ ጋር ይተኛል።

እንጅባራ ውኃ የሚመጣው በስንት ቀን አንዴ ነው። ሲመጣ ሰው በርሜል ይሞላል፣ ባልዲ ይሞላል። እነ ይታይሽ ባኞ ይሞላሉ፣ ከዚያ በሳምንት ስድስት ቀን ከዚያው ለወጥ ይቀዳሉ። በሚታጠቡበት ቀን የሚቀዳ ያጣሉ። ይህ ነው ሀብታቸው። መብራቱ ይጠፋል፣ ማሞቂያው ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በድስት ይፈላል። ድስቱ እስኪደጋገም የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሰል ይገባል። ሻወር ከሰል አያስገባም።

ከሁሉ ደግሞ ይህ። ቆሞ የሚታጠብ ሰው ራሱን ቢያዞረው ይወድቃል። ሲወድቅ ይሰማል። ባልዲው ይንኳኳል፣ ሰው ይሮጣል። የተኛን ሰው ግን ማን ይሰማዋል? ልጄ ብትወድቅ ኖሮ ትሰማ ነበር።

አንጓች ግን ወዳው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ደውላ እማ እንደ ንግሥት ተኛሁ ብላኛለች። ጉልበቷ እንደማይታጠፍ፣ አንገቷ ድረስ ውኃ እንደሚደርስ ነገረችኝ። እኔ በሳፋ ነበር የማጥባት። እግሯ ሁልጊዜ ውጭ ነበር።

ይህን መጻፌ ለይታይሽ ምስክር ይሆንላታል። ልሰርዘው ነበር። ተውኩት።

ጥር 1

ገና አለፈ። አላወቅሁትም።

ትልቅ ወሬ። ይታይሽ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ስትሰጥ ከሰሉን አስገቢ፣ በሩንም ዝጊ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ ብላለች። በቸልተኝነት ትከሰሳለች ይላሉ። እስከ ቀጠሮዋ በዋስ ወጥታለች። አያ ቢተው ነው የነገሩኝ። ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይቅር እንድል፣ ለፖሊስም ክስ የለኝም እንድል።

አልልም።

ደስ አለኝ ደብተሬ። ኃጢአት ነው፣ ይሁን። ልታሰር ብላ ራሷ ተናገረች። ትታሰር። እዚያ እስር ቤት ቆማ ትታጠብ።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ። አልጽፍም።

ጥር 3

ሽማግሎች መጡ። አያ ቢተው፣ የነፍስ አባቴና የይታይሽ ጎረቤት። ድንጋይ ተሸክማ እግርሽ ላይ ትወድቃለች አሉኝ። ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ባኞውን ሰብሬ ነው የምነጋገረው አልኳቸው። የነፍስ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የይታይሽ ጎረቤት፣ እሱማ ይሰበር፣ እኛም ውኃ እናገኝ ነበር አለ። አያ ቢተው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

ነገ እሄዳለሁ። የእንጨት መፍለጫውን መዶሻ በጋቢ ጠቅልያለሁ።

ጥር 4፣ እንጅባራ፣ መናኸሪያ

ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነው። ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ይታይሽ ናት። ከስታለች። መዶሻውን አየች። ወደ ባኞ ቤት መንገድ ለቀቀችልኝ።

መታሁት። ብረት ነው! እኔ ሸክላ መስሎኝ ነበር። ነጩ ቀለም ብቻ እየተፈነጠረ ይረግፋል፣ ከሥሩ ጥቁር ብረት ይታያል። እንደ ደወል ይጮኻል። ጎረቤት ወጣ። ክንዴ እስኪዝል መታሁት። አንድ ስንጥቅ አልወጣውም። ተቀመጥኩ። እሷ በሩ ላይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማለች። ምን ታለቅሻለሽ፣ ልጄን ቀቅለሽ በላሽ አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጣ። አዎ እቴ፣ አለችኝ።

ወጣሁ። መዶሻውን እዚያው ረሳሁት።

ሙሉ የምትባል ልጅ እስከ መናኸሪያው ተከተለችኝ። ይታይሽ ቤት ከአንጓች ጋር አንድ ክፍል ትተኛ የነበረች ተማሪ ናት፣ የጫግኒ ልጅ። እያለቀሰች ነው። እትየ አንድ ነገር ልንገርዎት አለችኝ። ነገረችኝ።

ሚኒባሱ መጣ።

ጥር 5

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ይህ ነው።

ያን ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ለአንጓች ደውዬ ነበር። ሳል ይዟት ነበር። ልታጠብ ነው እማ አለችኝ። በዚህ ሳልሽ ብርድ ከመታሽ አለቀልሽ፣ ከሰሉን ይዘሽ ግቢ አልኳት። በሩን ዝጊ አልኳት። መስኮቱ ንፋስ ያስገባል ስትለኝ በጨርቅ ወትፊው አልኳት። እኔ ነኝ። እሺ እማ አለች። እኛ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። አራስም የታመመም ቤት ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይወተፋል፣ ከሰል ይገባል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ። የኔ ቤት ግን ጭቃ ነው፣ በግድግዳውም በጣሪያውም ይተነፍሳል። የይታይሽ ሲሚንቶ ነው። ይህን ማን ነገረኝ?

ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ሙሉ ግን አንጓች ስልኩን በስፒከር አድርጋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር ያወራችው አለችኝ። ይታይሽ አጠገቧ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ፖሊስ ሲመጣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት አለች። ሙሉ ለምን ብትላት፣ እኔ እታሰራለሁ እፈታለሁ፣ ያቺ ሴት ግን ይህን ሰው አውቆባት አንድ ቀን አታድርም አለቻት። ለማንም እንዳትናገሪ ብላ በማርያም አስምላታለች። ሙሉ የመዶሻውን ድምፅ መቻል አቅቷት ነው የነገረችኝ።

ደብተሬ፣ አዎ እቴ ያለችኝ ለዚህ ነው።

ጥር 6

ምስጋና ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ንዴት መጣ። በቤቷ በለጠችኝ፣ በባኞዋ በለጠችኝ፣ በልቅሶዋ በለጠችኝ። አሁን ደግሞ በምሕረት በለጠችኝ! ማን ለመናት? የልጄን ሞት ከኔ እጅ ወስዳ በራሷ ስም አስመዘገበችው። እኔ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ በሷ ላይ እርግማን ስጭን ከረምኩ፣ እሷ ዝም ብላ ተሸከመች። ሰው እንዲህ ይበቀላል እንዴ?

ጠዋት ወደ መቃብሯ ሄድኩ። አፈሩ ገና ከፍ ያለ ነው። ለሷ ብቻ ነገርኳት። ልጄ፣ ወትፊው ያልኩሽ ስለምወድሽ ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ጥር 7፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የይታይሽ ቀጠሮ ነገ ነው። ዛሬ ከአያ ቢተው ጋር እንጅባራ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ቃሌን እሰጣለሁ። ከሰሉ የኔ ነው፣ ያስገባሁትም በቃሌ እኔ ነኝ፣ ያቺ ሴት ዋሽታለች ብዬ አስመዘግባለሁ። ጥፋቴን አስመልሳለሁ። እሷ ዘንድ አይቀርም። ለአያ ቢተው ትናንት ስነግራቸው ቀና ብለው አላዩኝም፣ ጫማሽን ጥረጊ፣ በጠዋት እንነሳለን ብቻ አሉ።

ይታይሽን ይቅር አልኳት? አላውቅም። ይቅር የምላት ነገር አላገኘሁም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ባኞውን ግን እስክሞት እጠላዋለሁ። አውጥታ ሻወር ታስገባ፣ መስኮቱንም ታስፋ። ይህን እዚያው ሰው ፊት እላታለሁ።

እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ከዛሬ በኋላ ይህን ደብተር ሰው ካነበበው፣ እባካችሁ፣ በእኔም በይታይሽም ከመፍረዳችሁ በፊት ልጄን አስቧት። አንጓች ብላችሁ አትጥሯት፣ በጸሎት ስሟ ወለተ ኪዳን ነው። በቅዳሴም ሆነ ቤታችሁ ስትቆሙ፣ ወለተ ኪዳንን ነፍሷን ማርልን በሏት። አርባዋ ሊሞላ ነው፤ አያ ቢተው በሩን አንኳኩ። እኔ አርባዋ ላይ ላልገኝ እችላለሁ፣ እናንተ ግን