ማስታወቂያ የሌለበት መንገድ

ኅዳር 8

በረዶ ጣለ። ከሥራ ቦታዬ ከሰንሪጅ እስከ ቤቴ ሜይላንድ ሃይትስ አውቶቡሱ ተንፏቆ ነው ያደረሰኝ። ሱቅ ውስጥ ሹራብ ሳጥፍ ዋልኩ... ሰው ያነሳል፣ ይዘረጋል፣ ጥሎት ይሄዳል። መልሼ አጥፋለሁ።

ስገባ አባይነህ እየነዳ ነበር።

አንድ ሰው ካሜራ መኪናው መስታወት ላይ ለጥፎ ካልጋሪን ሲዞር የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ረጅም ነው። ሰውየው አያወራም፤ መንገድ ብቻ። አባይነህ ኮምፒውተሩን ፊቱ ያደርግና የምግብ ጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይይዛል። ቀይ መብራት ሲመጣ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። ባሌ ከሃያ ዓመት በላይ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በፋሲካ ሰሞን ዶክተሩ ዲሜንሺያ ነው አለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠፋበት። መንገዱ ግን አልጠፋበትም።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ። አሁን እሱን ከፍቼለት ነው ሽፍት የምሄደው። ምድጃውን ከብሬከሩ አጠፋለሁ፣ ምሳውን አጠገቡ አስቀምጣለሁ። እስክመለስ ይነዳል።

ለማንም አልተናገርኩም። ለልጃችን ለቢታንያ እንኳ «ትንሽ ይረሳል» ነው ያልኳት። የአገሩ ሌላ ጫፍ ሃሊፋክስ ሆና ምን ታደርግልኛለች?

ኅዳር 13

ውጭ አገኘሁት። በካልሲ። የጎረቤት መኪና አጠገብ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ከሥሩ ያያል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሰው ገጨሁ ውዴ። ሴትዮዋ ጮኸች... እዚህ ሥር ናት።»

እጁ በርበሬ መስሏል። ጎትቼ አስገባሁት። እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ተቀመጥኩ። ማናት ሴትዮዋ? ማንም የለም እኮ።

ከዚያ ቪዲዮውን ራሴ አየሁት። ጠበቅኩ። መጣ... መንገዱ ድንገት ተቋረጠና ማስታወቂያ ገባ። አዲስ ኩሽና ያሠራች ሴት ናት፤ ደስ ብሏት ትጮኻለች። ድምፁ ከቪዲዮው እጥፍ ነው።

እሷን ነው የገጨው።

ኅዳር 14

«ሞተች?» ሲለኝ ዋለ። አልሞተችም አልኩት። «የትኛው ሆስፒታል ናት? ልጠይቃት» አለኝ።

ኅዳር 21

ዛሬ የባሰ ነው። ጥፋቱ የኔ።

ባለፈው ሰሞን በዚያው ኮምፒውተር ስለ በሽታው ስፈልግ ነበር። ብቻውን ቢተው ምን ይሆናል፣ መጨረሻው እንዴት ነው፣ እንዲህ ያለውን። አይቼ ዘጋሁት። ለካ አይዘጋም። ኮምፒውተሩ ይዞታል። አሁን ከመንገዱ ቪዲዮ ጎን የሚደረደረው ሁሉ እሱ ነው... የዲሜንሺያ ምልክቶች፣ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ቤተሰቡን የማያውቅ አባት። ማስታወቂያውም የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል።

እሱ ደግሞ እንግሊዝኛ ከኔ ይበልጣል። ያነባል።

«ውዴ፣ ይሄ ኮምፒውተር ስለኔ ያወራል።»

«ስለ ሌላ ሰው ነው።»

«እዚህ ልታስገቢኝ ነው?» አለኝ፣ ጣቱን የቤቱ ፎቶ ላይ አድርጎ። «ምን አድርጌ ነው?»

ምንም አላደረግክም አልኩት። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ፤ እንዳይሰማኝ።

ኅዳር 23

ሥራ ቦታ ያለችው ፊሊፒናዊቷ፣ «በወር ክፈይ፣ ማስታወቂያው ይጠፋል» አለችኝ። ማስታወቂያውስ እሺ። የጎኑ ፎቶስ? እሱም በገንዘብ ይጠፋል? አላወቀችም።

የሴሪያል ካርቶን ቆርጬ የስክሪኑን ቀኝ ጎን በፕላስተር ሸፈንኩት። ስመለስ ቀዶ ጥሎታል።

«መስታወቱን ማነው የሸፈነው? ከጎን የሚመጣ መኪና እንዴት ይታየኝ?» ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። ሹፌር ነው።

ኅዳር 27

ማስታወቂያ የሚያጠፋ ነገር በነፃ ይወርዳል ሲሉ ሰምቼ ራሴ ሞከርኩ። ትልቅ አረንጓዴ በተን ነበረው፤ ተጫንኩት። ኮምፒውተሩ አበደ። በመስኮት ላይ መስኮት... ቫይረስ ገብቷል፣ በዚህ ስልክ ደውሉ ይላል። ሳይረን ይጮኻል። አባይነህ ጆሮውን ይዞ «ፖሊስ ነው፣ ለሴትዮዋ ነው የመጣው» አለ።

ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ያለ ቪዲዮ ትቼው ሥራ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ስመለስ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ምሳው አልተነካም። ሱሪው እርጥብ ነው። ላነሳው ስል እጄን መታኝ። አባይነህ... በዘመኑ እጁን አንስቶብኝ የማያውቅ ሰው።

ጌታ ሆይ፣ በቃኝ። ከዚህ በላይ አልችልም። ነገ ግን ኦፕኒንግ ሽፍት ነኝ፤ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 2

ቸርች። ከፕሮግራሙ በኋላ ማትያስን ጠበቅኩት። የቸርቹን ድምፅና ስክሪን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው ይሉታል። «መዝሙር ሳይ ማስታወቂያ እያቋረጠኝ» አልኩት። እዚያው ቸርች ውስጥ ዋሸሁ።

ማክሰኞ እመጣለሁ አለ።

ታኅሣሥ 4

መጣ። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ ሁሉ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ አንድ ሶፍትዌር ጫነ።

«እትዬ ውድነሽ፣ ከእንግዲህ ቪዲዮ በብራውዘሩ አይክፈቱ። በዚህ ብቻ። ማስታወቂያ የለውም። አካውንት አይጠይቅም። ያዩትን ነገር ለማንም አይልክም፤ እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ከፈለጉ እዚህም እንዳይቀር አደርገዋለሁ።»

«እንዳይቀር አድርገው። የጎኑ ፎቶስ?»

«እሱንም ደብቄዋለሁ።»

«በነፃ ከሆነ ሰዎቹ ምን ያገኛሉ?»

«ምንም። በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል።» ትንሽ አሰበና፣ «አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ቪዲዮው የሚመጣው ከዚያው ከድሮው ቦታ ነው። እነሱ አንድ ነገር ሲቀይሩ ይሄ አንዳንዴ ይቆማል። አፕዴት አድርግ ሲል አፕዴት ያድርጉት።»

እሺ እሺ አልኩ።

ሊሞክረው ምን ልክፈት ሲለኝ መዝሙር ማለት ሲገባኝ የመንገዱን ቪዲዮ አስከፈትኩት። አባይነህ ድምፁን ሰምቶ ከመኝታ ቤት መጣ። ወንበሩን ሳበ። ጠረጴዛውን ያዘ። ነዳ።

ማትያስ ከጎኑ ቆሞ ቀረ።

«ከቢጫው መስመር ኋላ» አለው አባይነህ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፤ ሹፌር አጠገብ ለሚቆም ተሳፋሪ የሚለው ነበር።

ማትያስ ምንጣፉን አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ይቅርታ ጋሼ» አለው።

በር ላይ ጫማውን ሲያደርግ ቀና ብሎ አላየኝም። «ብቻዎን ነው የያዙት?» አለኝ።

«ልጄ ታውቃለች» አልኩት። ሌላ ውሸት።

ታኅሣሥ 12

ሰላም ነው። ይኸው ስመለስ ይነዳል። አንድም ሰው አልገጨም። ምሳውን በልቷል! «ዛሬ ትራፊኩ ቀላል ነው» አለኝ። ገንፎ ሠራሁለት፤ እንደ ልጅ ጢሙን እስኪያጎርስ በላ።

ተኝቼ አደርኩ። እንቅልፍ እንዲህ ነበር እንዴ?

ታኅሣሥ 19

ቢታንያ ለገና ልምጣ አለች። «ማሚ፣ ዳድን ማየት እፈልጋለሁ። ስልክ ላይ ኢት ሳውንድስ ላይክ አያውቀኝም።»

በረዶ ነው፣ ትኬት ውድ ነው፣ በሰኔ ነይ አልኳት። ለምን እንዲህ አልኩ? እንዳታየው? ወይስ እኔን እንዳታይ?

ማናጀሯ ረጅም ሽፍት ሰጠችኝ። ወሰድኩ። ቪዲዮው አለ፤ አይቋረጥም።

ጥር 8

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩ እጮኻለሁ።

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነበር። ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ በረዶ ሆኗል። ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ትሽከረከራለች፤ ከሥሯ ቪዲዮው አልተገኘም የሚል ጽሑፍ። መንገዱ ቆሟል።

የአውቶቡስ ዩኒፎርም ጃኬቱ የለም። ቦት ጫማው በቦታው ነው።

ስሙን እየጠራሁ ወጣሁ። መኪኖቹን ሥር በሥር አየሁ... እንደሱ ተንበርክኬ። 911 ደወልኩ። ምን ለብሷል አለችኝ ስልኩን ያነሳችው። በነጠላ ጫማ ነው አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። አላውቅም። ጠዋት ነው የወጣሁት። አላውቅም!

ፖሊሶቹ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተገኘ። እንዴት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ሹፌሯ ሕንዳዊት ናት፣ ልጅ እግር። ነገረችኝ። በፊት በር ገብቶ አጠገቧ ቆመና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «ልቀይርሽ ነው። ዘገየሁ፣ ይቅርታ» አላት። ጃኬቱን አየች፤ ደግሞ እግሩን አየች። «እሺ፣ መጀመሪያ ትንሽ ሙቅ» ብላ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጣው፣ አውቶቡሱን አቁማ ደወለች። ኮቷን እግሩ ላይ ጠቅልላበት አገኘሁት።

የግራ እግሩ ጣቶች ነጭ ነበሩ። እንደ ሰም።

ባለፈው ሳምንት አፕዴት አድርጊ የሚል ነገር መጥቶ ነበር። ለሽፍት ቸኩዬ ዘጋሁት።

ጥር 9

ዶክተሮቹ ሁለት የእግር ጣቶቹን ላናድናቸው እንችላለን አሉ። እሱ «አውቶቡሱን ማን ያዘው?» ይላል።

ለቢታንያ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ትኬት ፈለገች።

ጥር 11

ከኤርፖርት በቀጥታ ሆስፒታል መጣች። አባቷ አላወቃትም። «ትራንስፈር ከፈለግሽ ቀጣዩ ፌርማታ ነው» አላት፣ እንደ ተሳፋሪ። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ሀው ሎንግ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ።»

«አንድ ዓመት ሊሞላው! ከማን ጋር ነው የሚውለው ታዲያ?»

ምን ልበላት? ከቪዲዮ ጋር?

«ኮምፒውተር ነው የሚጠብቀው» አልኳት።

ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ለምን አልጠራሽኝም?» ብቻ አለችኝ። ይሄ ከጩኸቱ ባሰብኝ።

ሶሻል ወርከሯ መጣች። እንዲህ ሆኖ ብቻውን ወደ ቤት አይመለስም አለች። የአረጋውያን መኖሪያዎችን ስም ሰጠችኝ። ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ... በማስታወቂያ። አባይነህ ጣቱን ያደረገበት ቤት።

ሶፍትዌሩ አልዋሸኝም። ማትያስም ነግሮኛል። መንገዱን ያሳያል እንጂ በሩን ይጠብቃል ያለኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩት።

ጥር 19

ቸርች ቆሜ ተናገርኩ። የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል። ባሌ ታሟል፤ ደብቄ ነበር፤ አልቻልኩም... ይኸው ነው ያልኩት። ለቅሶ አልነበረውም። ስቀመጥ ቢታንያ እጄን ያዘችኝ።

ስንወጣ ጋሽ ወልደየስ መጡ። እሳቸውም አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ነው የማየው ውድነሽ። ሽፍትሽን ንገሪኝ፤ አብሬው እውላለሁ።»

«ይመታዎታል ጋሽ ወልደየስ። አንዳንዴ ይማታል።»

«ሰካራም ተሳፋሪ ስንቴ መቶኛል።»

የካቲት 4

ቤት ገባ። ሁለት ጣቶቹ የሉም። በዊልቸር ነው፤ ትንሽ ትንሽ ይራመዳል። ለመኖሪያው ተመዝግበናል፤ ቦታ ሲገኝ ይደውላሉ። ፈረምኩ። ስፈርም አጠገቤ ነበር፤ አልዋሸሁትም። «ወደፊት እዚያ ትኖራለህ፣ በየቀኑ እመጣለሁ» አልኩት። «ጥሩ» አለና ኩኪስ ጠየቀኝ።

ማትያስ ሶፍትዌሩን አደሰው። ቪዲዮዎቹንም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አወረዳቸው፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም አይቆሙም። እኔንም አፕዴት አስተማረኝ፣ በራሴ እጅ እያስነካካ። ረጅሙን ሽፍት መለስኩ። ኪራዩ ይከብዳል። ቢታንያ እያገዘች ነው፤ እሺ ማለት ለምጃለሁ።

መጋቢት 3

ዛሬ ጋሽ ወልደየስ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ፤ ኦፍ ነኝና አብሬው ዋልኩ።

ቪዲዮውን ከፈትኩለት። ጠረጴዛውን አልያዘም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቀይ መብራት መጣ፤ እግሩን ጠበቅኩ... አልረገጠም። በጎን አየሁት። አላዘነም። መንገዱን እንደ ማንም ሰው ያያል። እኔ ነኝ ልቤ የወረደው። ይሄም ሄደ?

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማነው የሚነዳው?» አለኝ።

«አላውቀውም። ጎበዝ ነው ግን።»

«አይቸኩልም» አለ። ቆየና፣ «የት ነው የምንወርደው?»

«ገና ነን።»

ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ከባድ ነው። ስንት ወሩ ነው እንዲህ ከተጠጋኝ?

«ስንደርስ ቀስቅሺኝ» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

እሺ አልኩት። ቪዲዮው ሲያልቅ ዝምታው እንዳይቀሰቅሰው ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ እጄን ዘርግቼ መንገዱን ከመጀመሪያው ከፈትኩለት።