ዘርፉ ያልተፈታው ባና

ለልጄ ለጽናት፤ የዘመሮ ብርድ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱም አሽቷል።

ለወታደሮቹ ብለን ፈትለን ያዋጣነውን የበግ ጠጉር ባና አለቆቻቸው ገበያ አውጥተው ሲያስቸበችቡት አይቼ ነግሬሽ ነበር። ሌቦቹ ቀለም ነከሩት እንጂ እያንዳንዳችን ጫፉ ላይ የቋጠርነውን ዘርፍ አልፈቱትም፤ የመንዝ ሴት የገዛ ቋጠሮዋን የማታውቅ መስሏቸው! አንቺና ጓደኞችሽ የባናውን ፎቶ ከአለቆቹ ስም ጋር በኢንተርኔት ባወጣችሁ ማግስት መንግሥት ኢንተርኔቱን ዘጋው። በቃ፣ እንደ ልማዳቸው ቀበሩት አልኩ።

ለካ ያወጣችሁት ወረቀት ላይ ታትሞ በአውቶቡስ ይዞር ኖሯል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታችን ይታየው አንዱን ሰጠኝና፣ "እትዬ ጥሩሸዋ፣ በእርጅና የተማሩትን እስቲ ያሳዩን!" አለ ሊሳለቅብኝ። አባቴ ፊደል የነፈገኝ እኔ፣ በስልሳ ዓመቴ የቆጠርኩት እኔ፣ የኮሎኔሎችን ሌብነት ጮክ ብዬ አነበብኩት። አብራን የፈተለችው ማዕረግ ወረቀቱን ነጥቃኝ ፎቶውን አየችና፣ "ይኼ የኔ ቋጠሮ ነው!" አለች። ሌላዋም፣ ሌላዋም። ደጀ ሰላሙን የሞላው ሴት ሁሉ እየተነሳ መሰከረ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

በነጋታው ሁለት ሰዎች መጥተው አድራሻሽን ጠየቁኝ። ውሃ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ስልክሽ ከዚያ ወዲህ አይጠራም፤ መስመሩ ነው ይሉኛል። የማዕረግ ልጅ ግን ከዚያው ከአዲስ አበባ ትናንት ደውሎላታል።

በአውቶቡሱ ሾፌር ባና ልኬልሻለሁ። አንዱን ዘርፍ ሳልቋጥር ተውኩት። አንቺ ቋጥሪውና ቋጠሮውን ቆርጠሽ በሱው ላኪልኝ፤ እጅሽን አውቀዋለሁ።

የማርያም ጥላ አይለይሽ።

እናትሽ ጥሩሸዋ