እትዬ ዘይቱና ከቆሼ ሲደውሉ

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018
ወልቂጤ

መሲ፣ ዛሬ ጠዋት ስልክሽ ጮኸ። እማዬ ትናንት ወደ አገና ስለተመለሰች ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከቀብርሽ ወዲህ ማልቀስም አልመጣልኝም።

የደወሉት እትዬ ዘይቱና ናቸው፤ መሪ እንዲሆኑ ታሠለጥኛቸው የነበሩት፣ ቆሼ ከተማ ችግኝ የሚያፈሉት ሴቶች ሰብሳቢ። መሞትሽን አልሰሙም።

"አሰላሙ ዓለይኩም! መሲ የለችም?"

"ወንድሟ ነኝ።"

"እሷ ተኝታ ነው አንተ የምታነሳው? ጉድ! በል ስጣት። የችግኝ ቦታችንን ለመጋዘን ሊሰጡብን ነው። ዛሬ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ልናገር ነው፣ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋብኝ።"

ልነግራቸው ነበር። ግን ከነገርኳቸው ስብሰባው ላይ መቆም ያቅታቸዋል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ሴቶቹን አትመክሪም ነበር፤ ትጠይቂያቸውና ታዳምጫለሽ። እኔም "ምን ሊሏቸው ነው?" ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ።

ብዙ አወሩ። ችግኝ መትከል ሳይጀምሩ በፊት ጎርፍ ማሳቸውን እንዴት ይጠርገው እንደነበር፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ባለፈው "ሴትዮ፣ ቁጭ በይ" እንዳላቸው ነገሩኝ። እያወሩ ድምፃቸው ጠነከረ።

"በቃ፣ ይህንኑ እላቸዋለሁ" አሉ። "አንተም እንደሷ ሆነሃል እንዴ? ስትነሳ ንገራት፤ ከስብሰባው ስወጣ ደውዬ ውጤቱን አሰማታለሁ።"

"እሺ" አልኩ።

ፊቴን ታጠብኩ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ከዚያ ስልክሽን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ መልሰው እስኪደውሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም።