ራጅ ላይ ያልታየው ሙሌት

ልጄ ኔሊዳ፣ ቅዱስ ሴቬሪኖ እስፔን ድረስ ጥላው አይለይሽ። እኛ አለን። ዝናቡ ዘግይቶ ድንቹ ቀጭጯል፣ አባትሽም ጉልበቱን ያመዋል።

ልትሄጂ ባልሽበት ሰሞን በገዛ እጅሽ የሞላሽልኝ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲጠዘጥዘኝ እዚሁ ታራታ ራጅ ተነስቼ፣ «ጥቁሩ ሙሌቱ ነው፣ ሌላ ምንም የለም» አሉኝ። እኔም የልጄ ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ወር ጉንጬ ሲያብጥ አባትሽ ከተማ፣ ኮቻባምባ ወሰደኝ።

እዚያ ያለችው የጥርስ ሐኪም አዲስ ራጅ አንስታኝ አየችና፣ «እማማ፣ ማነው የሞላልዎት?» አለችኝ።

«አንዲት ወጣት ሐኪም» አልኳት። ልጄ ናት ማለት አቃተኝ።

«ይኼ ሙሌት ራጅ ላይ ጥቁር ነው፤ የበሰበሰ ጥርስም ጥቁር ነው። ከሥሩ ሲበላዎት በምን ይለያል? ነጭ ሆኖ የሚታየው ቢሆን ገና ሲጀምር እንደርስበት ነበር።» የጥርሱ ዳር እንዳይበላ መድኃኒት ቀስ እያለ የሚያወጣ ሙሌትም አለ አለችኝ።

ስደውልልሽ «ራጁን ላኪልኝ» ብቻ አልሽ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ያኔ በእጅሽ የነበረው ያ ሙሌት ብቻ ከሆነ ንገሪኝ፣ ይገባኛል። የተሻለው እያለሽ ለእናትሽ ይበቃታል ብለሽ ከሆነም እውነቱን ንገሪኝ። በግራ በኩል ብቻ እያኘክሁ ከማስበው ይሻለኛል።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። እዚያ አምናሽ አፏን የምትከፍት የሰው እናት ስትመጣ፣ እባክሽ የሚታየውን ሙይላት።

እናትሽ ኤፍሮኒያ