ሠላሳ ሁለቱ ድምፆቼ

ጥቅምት 9

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ሰማዩ ስላልታመነ ቤት ውስጥ አሰጣሁት። የባንዱን ኪቦርድ ትናንት ከልምምድ ቤት ተሸክሜ አምጥቼዋለሁ፤ ወገቤ እስካሁን ይራገማል።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ከኮምፒውተሩ ጋር። ኪቦርዱ ላይ ያለችው ስክሪን ሁለት ጣት አትሞላም፣ በእሷ ላይ የኪቦርድ ድምፅ መፍጠር ራስን ማሠቃየት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ግን ሁሉም ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ይታየኛል። እዚህ እሠራለሁ፣ በሚዲ ገመድ እልካለሁ፣ ኪቦርዱ ላይ እሰማለሁ፣ እንደገና አርማለሁ። ሲጥመኝ ኪቦርዱ ላይ ሴቭ የሚለውን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ካልተጫንኩት የተላከው ድምፅ ለጊዜው ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላ የድምፅ ቁጥር ሲነካ ብን ብሎ ይጠፋል።

አሥራ ስድስት ዓመት፣ ሠላሳ ሁለት ድምፅ። ጋሼ እንዴት እንደምሠራቸው አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሲያደንቅለት ደረቱን ነፍቶ "የባንዴ ድምፅ" ይላል። የባንዱ...

ጥቅምት 12

ጋሼ ደወለ። ነገ ቢሮ ነይ አለኝ። የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ በቀጠሮ? ምን ሊለኝ ይሆን?

ጥቅምት 13

ሻይ አዘዘልኝ። ያኔውኑ ገባኝ። ጋሼ እንዲሁ ሻይ የሚያዝ ሰው አይደለም።

ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ዘመኑ ተለወጠ፣ የሚቀጥሩን ሰዎች ወጣት ፊት ይፈልጋሉ፣ እሱ ቢሆን ኖሮ... በመጨረሻ አወጣው። "ከመድረክ ትወርጃለሽ እንጂ ከባንዱ አትወጪም፣ ትንሿ። ድምፁን ለአዲሷ ልጅ እያዘጋጀሽ ትሰጫታለሽ።"

ትንሿ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው። እሱ ራሱ ስድሳን ሊደፍን ነው፤ የእሱ ፊት ወጣት መሆኑ ነው?

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? መንገድ ላይ ስንት መልስ መጣልኝ።

ጥቅምት 14

ከአልጋ አልወረድኩም።

ጥቅምት 20

አዲሷን አየኋት። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። እጇ ጥሩ ነው... ይኼን መጻፍ ራሱ ያንገበግበኛል።

ልምምድ ሲያልቅ ሹራቧን እየለበሰች ተጠጋችኝ። "እትዬ፣ ሦስተኛውን ድምፅ እርስዎ ነዎት የሠሩት? ልጅ ሆኜ በካሴት ስሰማው ምን መሣሪያ እንደሆነ ጠፍቶኝ ስንቱን ጠይቄያለሁ። ማንም አላወቀልኝም።"

በአሥራ ስድስት ዓመት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው። ከሰው ሁሉ እሷ ትሁን?

እኔ ነኝ አልኳት። አሳጥሬ።

ጥቅምት 26

የኪቦርዱ የውስጥ ባትሪ ሞተ። ድምፆቼ በሙሉ ተጠርገው ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣቸው የልጅ መጫወቻ ድምፆች ተመልሰዋል። ባትሪውማ ተቀየረ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ጋሼ ስልኩ ላይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ኮምፒውተሬ ላይ አሉ ስለው ትንፋሹ ሲመለስለት ተሰማኝ።

ቅዳሜ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት አዳራሹ ድረስ መጥተሽ ጫኚልን አለ። "ከፈለግሽ ቆይተሽ ታያታለሽ" ብሎም ጨመረ። ግብዣ መሆኑ ነው።

ጥቅምት 29

ጫንኩ። ኮምፒውተሩን ከኪቦርዱ ጎን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ አንድ በአንድ ላክሁ። አንዱን በላክሁ ቁጥር አዲሷ ትሞክረዋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ድራመሩ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ጋሼ አዳራሹ መሃል ቆሞ አውራ ጣቱን ያነሣልናል፣ የሠራው እሱ ይመስል። ሠላሳ ሁለቱም ሄዱ፣ ሠላሳ ሁለቱም አማሩ።

አልቆየሁም። ራሴን አሞኛል ብዬ ገመዴን ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

ጥቅምት 30

ጋሼ ገና በጠዋቱ ደወለ። ድምፁ ሻክሯል። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ኪቦርዱ የልጅ መጫወቻ ሆነባቸው። አዲሷ አንዱን ቁጥር ትነካለች፣ ሌላውን ትነካለች፣ የእኔ ድምፅ የለም። ዘፋኙ ቃናው ጠፋበት። ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ቆመች አለኝ።

"ምን ነክታ ነው?"

እኔ እንጃ አልኩት።

"በይ እንደገና ጫኚው።"

"የለኝም። ከወጣሁ ወዲያ ምን ያደርግልኛል ብዬ ትናንት ማታ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት።"

ስልኩን ዘጋው።

ሴቭ ማድረጉን ረስቼው መሆን አለበት። ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም። ሰው ይረሳል።

ኅዳር 2

ጋሼ አዲሷን አሰናብቷታል። ድራመሩ ነው የነገረኝ። ሰው ፊት ነው አሉ ያሰናበታት።

አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። ዝናብ መቷታል። ግቢ ብላት እምቢ አለች፣ እበሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። "የሆነ ነገር ነክቼ መሆን አለበት እትዬ። ምን እንደነካሁ እንኳን አላውቅም። የዕድሜ ልክ ሥራዎን አጠፋሁብዎ።"

ምን አልኳት? አይዞሽ አልኳት። ሰው ይሳሳታል አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ይቅር አልኳት። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ነው በሩን የዘጋሁት።

ኅዳር 3

አልረሳሁም።

ከእኔ ሌላ ማንም የማያነበው ደብተር ላይ ማንን ነው የምዋሸው? ጣቴ ሴቭ የሚለው ላይ ነበር። አነሣሁት። በሚቀጥለውም አነሣሁት። ሰው አንዴ ይረሳል፣ ሁለቴ ይረሳል። ሠላሳ ሁለት ጊዜ አይረሳም።

ከኮምፒውተሬም አላጠፋሁም። ሁሉም አሉ።

ጋሼ እንዲዋረድ ነበር የፈለግሁት። አንድ ምሽት ብቻ፣ ያለ እኔ ምን እንደሆነ እንዲያየው። እሱ ግን ጥፋቱን በእሷ አላክኮ እጁን ታጥቦ ወጣ። ይኼ ጠፍቶኝ ነበር? አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ሠርቼ? ወንድሜን አላውቀውም ልል ነው?

ኅዳር 8

ጋሼ ቤቴ መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ። ብርቱካን ይዟል። እንደ በሽተኛ ጠያቂ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባዕድ ማመኔ ጥፋቴ ነው፣ የገዛ እህቴን ትቼ... አለ። ተመለሺ አለኝ። ስለ አዲሷ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጊዜ ነበር። ጥሩ ጊዜ ሆኖ አለፈ።

ድምፆቹን ከጭንቅላትሽ መልሰሽ ትሠሪያቸዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኮምፒውተሩ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። እሞክራለሁ አልኩት። ኪቦርዱን ከመኪናው አውርዶ ትቶልኝ ሄደ።

ኅዳር 15

ከአዲሷ ኢሜይል መጣ፣ ከነፋይሉ። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ተመሳሳይ ኪቦርድ አግኝታ፣ የድሮ ቅጂዎቻችንን በጆሮዋ እያዳመጠች ድምፆቼን ከባዶ ሠርታቸዋለች። ሁለት ሳምንት አልሞላትም እኮ!

"የእርስዎን ያህል አይሆኑም። ባዶ እጅዎን እንዳይቀሩ ብዬ ነው። አሥራ ዘጠኙን ነው የቻልኩት፣ አሥራ ሦስቱ እምቢ አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ፋይሉን አልከፈትኩትም።

ኅዳር 16

ከፈትኩት። ገመዱን ሰክቼ ወደ ኪቦርዱ ላክሁ። የመጀመሪያው ደካማ ነው፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ይጠጋል። አምስተኛው የእኔው ቁርጥ ነው።

አሥራ አንደኛው... ይኼ ለዓመታት የታገልኩት ነው። ሲነሣ ትንሽ ሻከር ብሎ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲለሰልስ እፈልግ ነበር። አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም፤ ደከመኝና ትቼው ነበር። የእሷ ሲነሣ ሻከር ይላል። ከዚያ ይለሰልሳል። ያደረግሁትን ሳይሆን ማድረግ ያቃተኝን ነው የሰማችው። እንዴት ሰማችው?

አሥር ጊዜ ያህል ተጫወትኩት። ቀናሁ። እንደዚህ ቀንቼ አላውቅም።

ሌሎቹ ላይ ከኮምፒውተሩ የራሴን መለስኩ። አሥራ አንደኛው ላይ የእሷን ተውኩት። ሴቭ አልኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 19

ለአዲሷ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። "እህቴ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም።

ኅዳር 22

የመጀመሪያው ልምምድ። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ድራመሩ አጨበጨበልኝ።

አራተኛው ዘፈን ላይ አሥራ አንደኛውን ነካሁ። ጋሼ ባንዱን አስቆመ። እስቲ ብቻሽን አለኝ። ብቻዬን ተጫወትኩት። ቆሞ ሰማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። በአሥራ ስድስት ዓመት ለእኔ ድምፅ ባንድ አስቁሞ አያውቅም።

"ይቺን ማን ሠራት?" አለ።

ጠየቀኝ። በስተመጨረሻ ጠየቀኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ።

እኔ ነኝ አልኩ።