የመስኮቱ ዳማከሴ

ኅዳር 6 ቀን 1979
ውርጩ ጀመረ። አምና ዳማከሴዬን ደጅ ላይ አድርቆብኛል። ዘንድሮ ቀደምኩት። አንዱን ነቅዬ አፉ በተሰበረ ማሰሮ ተከልኩት፤ መስኮቱ ላይ አኖርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰሮውን ማዞር ነው። አለዚያ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። ጎባጣ ነገር አልወድም።

ኅዳር 14
ጎረቤቴ ፈንታዬ ቅጠል ልትጠይቅ መጣች።
"ለማን ነው?"
"ለሰው ነዋ፣ እትዬ።"
"ሰውየው ስም የለውም?"
ለባሏ ነው። ምች መትቶታል። "ከእርስዎ ቅጠል ከማግኘት ከቀበሌ ይለፍ ወረቀት ማውጣት ይቀላል" አለች። ትሳቅ። ስትነግረኝ ሰጠኋት፤ የታመመውን ሳላውቅ ለማንም አልሰጥም።

ኅዳር 24
ጎህ ሲቀድ የእህቴ ልጅ አካሉ ደረሰ። ከአቀስታ በእግሩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ለውትድርና ሊወስዱት ሲሉ አምልጦ... ምች መትቶት ከንፈሩ ቆስሏል፤ ሰውነቱ እሳት ነው። ጤና ጣቢያ ብወስደው ስሙን ይመዘግባሉ። ከገብሱ ጎታ ጀርባ አስተኛሁት። የደጁን ውርጩ ፈጅቶታል፤ የመስኮቱን ዳማከሴ አሽቼ፣ ጨምቄ አጠጣሁት፤ ግንባሩንም ቀባሁት። የቀጠፍኩት ወደ ቤት ከዞረው ጎን ብቻ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ሙሉ ነው።

ኅዳር 26
ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ደግሜ ቀጠፍኩ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ
ምን ነካኝ? እጄ በልማዱ ማሰሮውን አዞረው። የተራቆተው ጎን ወደ መንገድ... ያወቅሁት የአብዮት ጥበቃው አምባቸው ጠመንጃውን እንዳነገተ መስኮቱ ሥር ሲቆም ነው።
"እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ዳማከሴው ተመለጠብዎ።"
"አዎ።"
"ማን ታሞ ነው? የፈንታዬ ባልም ድኗል፤ ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው።"
"እኔ።"
"ምች እርስዎን ደፍሮ?"
ሳቀ። ከዚያ ከንፈሬን አየ። ቁስል የለበትም።
"ይማርዎ" ብሎ ሄደ። ወደ ቀበሌው።

ኅዳር 28
ገና ሳይነጋጋ አካሉን ወደ ወግዲ ሸኘሁት፣ አጎቱ ዘንድ። ከነትኩሳቱ። የቀሩትን ቅጠሎች በሙሉ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት።
ሦስት ሰዓት ላይ አምባቸው ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ጎታውን በዘንግ ወጉት። ጓዳውን አመሱት።
"ሁሉንም ጠጡት?" አለኝ፣ ባዶውን ግንድ እያየ።
"ጠናብኝ።"
"ሰው አልመጣም?"
"አልመጣም።"
"ይማሉ?"
"ሚካኤልን። ማንም አልመጣም።"
ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አስተማሪ ሳለሁ ለአንድ ሐሰት ስንቱን ተማሪ ገርፌያለሁ...

ታኅሣሥ 16
ከወግዲ የመጣ ነጋዴ ደጄ ላይ ቆሞ፣ "ልጁ እህል ቀምሷል" ብሎኝ አለፈ። ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 26
ለልደት ልቆርብ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለአባ ቢተው ሁሉንም ነገርኳቸው።
"በሐሰት በመማልዎ ይጸጸታሉ?"
አዎ ማለት ቀላል ነበር። ለእሳቸውም ልዋሽ?
"አልጸጸትም፣ አባ። ነገም ቢመጡ እምላለሁ።"
"እንግዲያ ላቆርብዎ አልችልም።"
"አውቃለሁ።"

ታኅሣሥ 29፣ ልደት
አርባ ዓመት ሳላቋርጥ ቆርቤ፣ ዛሬ ቅዳሴውን ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ሰማሁ። ፈንታዬ አየችኝ።
"እትዬ፣ ምነው እዚህ? ይግቡ እንጂ።"
"ዘንድሮ ቦታዬ እዚህ ነው" አልኳት።
መቀመጫ ድንጋይ ልታቀርብልኝ ጎንበስ አለች። ከለከልኳት። እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስኩ።